አሮጌ ብስክሌት ማደስ የሚጀመረው ከቀለም አይደለም

ሐዋሳ ለብስክሌት የተመቸች ከተማ ናት። ከፒያሳ እስከ ሐይቁ ዳር ትንፋሽ የሚያስቆርጥ ዳገት የለም፤ ተማሪውም ሠራተኛውም ከባጃጅ ጎን ለጎን ፔዳል እየመታ ያልፋል። ብስክሌት በበዛበት ደግሞ አሮጌ ብስክሌት አይጠፋም። ከግቢ ጥግ፣ ከጎሚስታ ደጃፍ፣ ከዕቃ ቤት አቧራ ለብሰው ከሚወጡት መካከል አልፎ አልፎ ለየት ያሉ ያጋጥማሉ፤ መሪያቸው እንደ በግ ቀንድ ወደ ታች የተቆለመመ፣ ቱቧቸው ቀጭን፣ ጎማቸው ጠባብ፣ የማርሽ መቀየሪያቸው በፍሬሙ የታችኛው ቱቦ ላይ የተተከለ። እነዚህ ከ40 እና ከ50 ዓመት በፊት ለውድድር ወይም ለረጅም ጉዞ የተሠሩ የብረት ብስክሌቶች ናቸው። እነሱን ፈትቶ፣ አጽድቶና ገጥሞ ዳግም መንገድ ላይ ማውጣት በብዙ አገሮች የታወቀ የትርፍ ጊዜ ሥራ ነው፤ እዚህም በእጁ መሥራት ለሚወድ ሰው ከዚህ የተሻለ ሥራ አላውቅም።

ነገር ግን አብዛኛው ሰው እንዲህ ያለ ብስክሌት እጁ ሲገባ በቅድሚያ የሚወስደው ወደ ቀለም ቀቢ ነው። ከሩቅ የሚያብረቀርቅ፣ ሲነዱት ግን የሚንገጫገጭ ብስክሌት ይዞ ይመለሳል። ቀለም የመጨረሻው ሥራ ነው፤ ብዙ ጊዜም ጭራሹን አያስፈልግም። ብስክሌቱን ዕድሜ የሚሰጠው ዓይን በማያየው ቦታ፣ በቱቦው ውስጥ፣ በኩሽኔታው ውስጥ፣ በእያንዳንዱ ቡሎን ልክ ላይ የሚሠራው ሥራ ነው።

ብረቱን ማወቅ

ጥሩ የድሮ ፍሬም ከተራ ቧንቧ የተሠራ አይደለም። እንግሊዛዊው አልፍሬድ ሬይኖልድስ በ1897 እ.ኤ.አ. ጫፎቹ ወፍራም፣ መሃሉ ስስ የሆነ ቱቦ የሚሠራበትን ዘዴ በባለቤትነት አስመዘገበ። ሐሳቡ ግልጽ ነው። ቱቦ ከቱቦ በሚገናኝበት ቦታ ጫናው ይበዛል፣ ሲገጣጠምም እሳት የሚያርፈው እዚያው ነው፤ ስለዚህ ብረቱ እዚያ ይወፍራል፣ መሃል ላይ ግን ክብደት ለመቀነስ ይሳሳል። በ1935 እ.ኤ.አ. የወጣው ሬይኖልድስ 531 የተባለው የማንጋኒዝና የሞሊብዲነም ቅይጥ ብረት ለአሥርት ዓመታት የጥሩ ብስክሌት መለያ ሆኖ ቆይቷል። ጣሊያኖች ደግሞ ኮሎምበስ የተባለውን ቱቦ ይመርጡ ነበር። የእነዚህ ስም ያለበት ተለጣፊ ፍሬሙ ላይ ካዩ በምንም ዓይነት አይላጡት፤ ያ ብስክሌት ድካም ይገባዋል ማለት ነው።

ቱቦዎቹ አብዛኛውን ጊዜ በብረት እጅጌ ውስጥ ገብተው፣ ናስ ወይም የብር ቅይጥ ቀልጦ በመካከላቸው እንዲፈስ ተደርጎ የተያያዙ ናቸው። የቱቦዎቹ ብረት ራሱ አይቀልጥም። ይህን ያላወቀ ሰው ዕቃ መጫኛ ለማስገጠም ወይም ስንጥቅ ለማስደፈን ፍሬሙን ወደ ብየዳ ቤት ይወስድና በኤሌክትሮድ ያስበይደዋል። የቱቦው መሃል ግማሽ ሚሊ ሜትር ገደማ ብቻ ሊሆን ይችላል። የኤሌክትሪክ ብየዳ እንዲህ ያለውን ስስ ብረት ይበሳዋል፤ ባይበሳው እንኳ በዙሪያው ያለውን ብረት ያደክመዋል። ለበርና ለመስኮት ጥሩ የሆነ በያጅ ለዚህ ፍሬም ጥሩ ነው ማለት አይደለም። ዕቃ መጫኛ ካስፈለገ ቱቦውን አቅፎ በቡሎን የሚታሰር ማቀፊያ ይበቃል።

ፍሬሙ ይድናል አይድንም የሚለው ጥያቄ ከሁሉም ይቀድማል። በቀለም ላይ የሚታይ ቡናማ ነጠብጣብ አያስደነግጥም። የሚያስፈራው ከቀለሙ ሥር የሚያብጥ ዝገትና ኮርቻው በሚሰካበት የፍሬሙ ቱቦ በኩል የገባ ውሃ ከታች፣ ፔዳሉ በሚዞርበት ቤት ውስጥ ተጠራቅሞ የሚበላው ዝገት ነው። ቀጥሎ ከመሪው አንገት ኋላ ያለውን የላይኛውንና የታችኛውን ቱቦ ከሆዳቸው በኩል በጣትዎ ይዳስሱ። ብስክሌቱ አንድ ጊዜ ፊት ለፊት ተጋጭቶ ከሆነ እዚያ ላይ ትንሽ ሽብሽብ ይገኛል። ዓይን ሊስተው ይችላል፣ ጣት ግን አይስተውም። ሽብሽብ ካለ ፍሬሙን ይተውት።

የፍሬሙን ቀጥ ማለት ለመለካት ውድ መሣሪያ አያስፈልግም፤ ሲባጎ ይበቃል። የኋላው ጎማ ይወጣና ሲባጎው የኋላው ዘንግ ከሚገባበት ግራ ጫፍ ታስሮ፣ በመሪው አንገት ፊት ዞሮ፣ በቀኙ ጫፍ ላይ ተወጥሮ ይታሰራል። ከዚያ ሲባጎው ኮርቻው ከሚሰካበት የፍሬሙ ቱቦ ምን ያህል እንደሚርቅ በሁለቱም ጎን በማስመሪያ ይለካል። ሁለቱ ቁጥሮች እኩል ከሆኑ ወይም በ1 ሚሊ ሜትር ገደማ ብቻ ከተለያዩ ፍሬሙ ቀጥ ነው። ልዩነቱ ከፍ ካለ የኋላው ክፍል ወደ አንድ ጎን ሄዷል። ብረት ስለሆነ ብዙ ጊዜ በጥንቃቄ ይመለሳል። አሉሚኒየም ወይም ካርቦን ቢሆን ይህ አይታሰብም።

የውድድሩና የጉዞው ብስክሌት

ሁለቱ ከሩቅ አንድ ይመስላሉ። የውድድሩ አጠር ያለ፣ ጎማው ከፍሬሙ ጋር የተጠጋጋ፣ ለትንሽ ግፊት ፈጥኖ የሚመልስ ነው። ኢትዮጵያ በ1956 እ.ኤ.አ. ሜልቦርን ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ በኦሊምፒክ ስትሳተፍ ከሯጮቹ ጋር ብስክሌተኞችም ነበሯት፤ በዚያ ዘመን የነበረው የውድድር ብስክሌት ይኸው የብረት ቱቦና የሽቦ ማርሽ ነው። የጉዞው ብስክሌት ደግሞ ረዘም ያለ ነው። የኋላው ጎማ ከኮርቻው ስለሚርቅ ሻንጣ ሲጫን ተረከዝ አይነካውም፤ ለፓራፋንጎና ለዕቃ መጫኛ የሚሆኑ የቡሎን ቀዳዳዎች አሉት፤ ፊት ለፊት ሦስት ጥርስ፣ ማለትም ካቴናው የሚዞርበት ሦስት ባለ ጥርስ ክብ ብረት፣ ሊኖረው ይችላል። ለሐዋሳ ሰው የቱ ይሻላል ብባል ያለ ማመንታት የጉዞውን እመርጣለሁ። ከተማዋ ሜዳ ብትሆንም ወደ ወንዶ ገነት ወይም ወደ ይርጋለም የወጣ ሰው ዳገቱን ያገኘዋል፤ የመንገዱም ዳር ሁልጊዜ ለጠባብ ጎማ አይመችም።

የማይፈታውን መፍታት

ለዓመታት የቆመ ብስክሌት ላይ ሦስት ነገሮች አልፈታ ይላሉ፦ ኮርቻውን ተሸክሞ ፍሬሙ ውስጥ የሚገባው የኮርቻው ቱቦ፣ የመሪው ግንድና ፔዳሉ። የኮርቻው ቱቦ አሉሚኒየም፣ ፍሬሙ ብረት ሲሆን በመካከላቸው እርጥበት ከገባ ሁለቱ ብረቶች እንደ ባትሪ ይሠራሉና አሉሚኒየሙ ይበላል፤ ከዚህ የሚወጣው ነጭ ዱቄት ከአሉሚኒየሙ የበለጠ ቦታ ስለሚይዝ ቱቦውን ወጥሮ ይይዘዋል። በመዶሻ መምታት ምንም አይጠቅምም። በእሳት ማሞቅም እንዲሁ፤ አሉሚኒየም በሙቀት ከብረት ሁለት እጥፍ ገደማ ስለሚሰፋ ይብስ ይጠብቃል። ብስክሌቱን ገልብጦ ዘይት ከታች፣ በፔዳሉ ዘንግ ቤት በኩል ማፍሰስና ቀናት መታገስ ይሻላል። ከዚያም የኮርቻውን ቱቦ በበረዶ አቀዝቅዞ በሞርሳ ይያዝና ፍሬሙ ራሱ እንደ ረጅም ቁልፍ በቀስታ ግራና ቀኝ ይዘወራል።

ፔዳልን በተመለከተ አንድ ነገር ብቻ ማወቅ ብዙ ጉዳት ያድናል። የግራው ፔዳል የቡሎን ጥርስ ግልባጭ ነው፤ በሰዓት ቆጣሪ አቅጣጫ ሲዞር ይፈታል። በሌላው ቡሎን ልማድ ወደ ግራ የሚታገል ሰው እያጠበቀው ነው።

በድሮዎቹ ብዙ ብስክሌቶች ላይ የፔዳሉ ክንድ ከዘንጉ ጋር የተያያዘው አንድ ጎኑ በሞረድ በተላገ ሽብልቅ ብረት ነው። ዳዶውን ፈትቶ በመዶሻ መምታት ይቻላል፤ ግን ክንዱ ከሥሩ በጠንካራ ነገር፣ ለምሳሌ መሬት ላይ በቆመ ወፍራም ቧንቧ መደገፍ አለበት። ድጋፍ ከሌለው የመዶሻው ምት በሙሉ ወደ ኩሽኔታው ይሄድና ኳሶቹ መቀመጫቸውን ይፈነክቱታል። ሽብልቁ ከተጣመመ አዲስ ማስገባት እንጂ አቃንቶ መመለስ አይገባም። ቶርኖ ቤት ሄዶ ማስቀረጽም ይቻላል፤ ሐዋሳ ውስጥ ይህን የሚሠራ እጅ አይጠፋም።

ልኩ የማን ነው?

ብዙ ሰው ተስፋ የሚቆርጠው እዚህ ላይ ነው፤ እኔ ግን የሥራውን ጣፋጭ ክፍል የማገኘው እዚሁ ነው። ዛሬ የምንገዛው ብስክሌት በዓለም ደረጃ ተቀራራቢ ልክ አለው። የድሮዎቹ ግን እንግሊዝ፣ ፈረንሳይና ጣሊያን እያንዳንዳቸው በራሳቸው መንገድ የሠሯቸው ናቸው። ተመሳሳይ የሚመስል ዕቃ አንዱ ላይ ይገባል፣ ሌላው ላይ ጥርሱን ቆርጦ ይበላሻል።

የፔዳሉን ዘንግ ቤት እንይ። የእንግሊዙ ቱቦ 68 ሚሊ ሜትር ስፋት አለው፤ የቀኙ ጎድጓዳ ክዳን ጥርሱ ግልባጭ ነው። የጣሊያኑ 70 ሚሊ ሜትር ነው፤ ሁለቱም ክዳኖች እንደ ተራ ቡሎን ይዞራሉ፣ ክባቸውም ከእንግሊዙ ይበልጣል። የብዙዎቹ የድሮ ፈረንሳይ ብስክሌቶችም ስፋት 68 ነው፣ ጥርሱ ግን ሌላ ነው፣ ሁለቱም ጎን በተራ አቅጣጫ ይዞራል። ስለዚህ ቁልፍ ከማንሳት በፊት በካሊፐር መለካትና ክዳኑ ላይ የተቀረጸ ጽሑፍ መፈለግ ግዴታ ነው። ረጅም ቧንቧ በቁልፉ ላይ ሰክቶ በተሳሳተ አቅጣጫ የሚታገል ሰው የፍሬሙን ጥርስ ያጠፋል፤ ያን ማስተካከል ደግሞ ከብስክሌቱ ዋጋ በላይ ሊያስወጣ ይችላል። የኮርቻው ቱቦም እንዲሁ በ0.2 ሚሊ ሜትር እየተለያየ ይመጣል። 27.2 ለሚቀበል ፍሬም 27.0 ከተገባለት አሽከርካሪው ከብዶ ሲቀመጥ ይንሸራተታል፤ ማሰሪያውን በጉልበት ማጥበቅ ደግሞ የፍሬሙን ጆሮ ያጣምማል።

ጎማ ላይ ያለው ግራ መጋባት ከሁሉም የባሰ ነው። ገበያ ላይ «28 ቁጥር» ሲባል ሁለት የተለያዩ ጎማዎች ሊሆኑ ይችላሉ፤ «26»ም እንዲሁ። ይህን ትቶ በጎማው ጎን በትንሹ የተጻፈውን ጥንድ ቁጥር ማንበብ ነው፤ ለምሳሌ 32-630 ቢል የመጀመሪያው የጎማው ስፋት፣ ሁለተኛው ጎማው ቸርኬው ላይ የሚቀመጥበት ክብ ስፋት በሚሊ ሜትር ነው። የብዙዎቹ የድሮ ጉዞና ስፖርት ብስክሌቶች 27 ኢንች ቸርኬ 630 ነው። ዛሬ በብዛት የሚገኘው 700ሲ የሚባለው 622 ነው። ትላልቆቹ ባለ ዘንግ ፍሬን የከተማ ብስክሌቶች ደግሞ 635 ናቸው። የ622 ጎማ በ630 ቸርኬ ላይ በጉልበት አይገባም፤ የ630ው በ622 ላይ ገብቶ ሲነፋ ይወጣል፣ ይህም አደጋ ነው። መፍትሔው ብዙ ጊዜ ቸርኬውን ወደ 622 መለወጥ ነው። የክቡ ልዩነት 8 ሚሊ ሜትር ስለሆነ ከየጎኑ 4 ሚሊ ሜትር ይወርዳል፤ የፍሬኑ ጎማ በክንዱ ላይ 4 ሚሊ ሜትር ወደ ታች መውረድ መቻሉን አስቀድመው ያረጋግጡ። ከቻለ ሥራው አለቀ፤ ከዚህ በኋላ ጎማና ካላማዳሪያ ፍለጋ አይቸግርዎትም።

የኋላው ዘንግ የሚገባበት ክፍተትም አለ። ባለ አምስት የኋላ ጥርስ 120 ሚሊ ሜትር፣ ባለ ስድስትና ሰባት 126፣ ከዚያ በኋላ የመጡት 130 ናቸው። 130 ጎማ በ126 ፍሬም ውስጥ በእጅ ትንሽ ተከፍቶ ይገባል፤ የብረት ፍሬም ይህን ይችላል።

ኳሶቹ

የጎማውን ሞዞ፣ ማለትም ዘንጉ የሚያልፍበትን የመሃል ቤት፣ መክፈት ብስክሌቱን ማወቅ ነው። ዳዶው ይፈታል፣ ሾጣጣው ዳዶ ይወጣል፣ ዘንጉ ይሳባል፤ ከዚያ ውስጡ ይታያል። ለዓመታት ያልተነካ ግሪስ ጠቁሮና ደርቆ ኳሶቹን እንደያዘ ይገኛል። ከሥሩ ንጹሕ ጨርቅ ካልተነጠፈ ኳሶቹ ተንከባለው ይጠፋሉ። በጋዝ ከታጠቡ በኋላ ሾጣጣው ዳዶ ወደ ብርሃን ይያዝና ኳሶቹ የሚሄዱበት መስመር ይመረመራል። ያ መስመር ወጥ ሆኖ የሚያብለጨልጭ ከሆነ ጤነኛ ነው። በላዩ ላይ በመርፌ የተወጋ የሚመስሉ ጉድጓዶች ካሉ ሾጣጣው ይለወጣል፤ ግሪስ አያድነውም።

ኳሶቹ ርካሽ ስለሆኑ ሁልጊዜ በአዲስ ይተኩ። የኋላው ሞዞ አብዛኛውን ጊዜ በየጎኑ ዘጠኝ የሩብ ኢንች ኳሶች፣ የፊቱ በየጎኑ አሥር የ3/16 ኢንች ኳሶች ይይዛል። አሮጌና አዲስ አይቀላቀሉ። ካረጁት አዲሱ በጥቂቱ ይተልቃልና ክብደቱን ሁሉ እሱ ብቻውን ይሸከማል።

ከዚያ ማስተካከል ይመጣል፤ ትዕግሥት የሚጠይቀውም ይህ ነው። ሾጣጣው በጣም ከጠበቀ ዘንጉ በጣት ሲዞር አሸዋ ያለበት ይመስላል፤ በጣም ከላላ ጎማው ግራና ቀኝ ይወዛወዛል። በመቆለፊያ እጀታ የሚታሰር ጎማ ከሆነ ትንሽ፣ ለጣት ብቻ የሚሰማ መላላት ይተውለት፤ እጀታው ሲቆለፍ ዘንጉ በጥቂቱ ስለሚጫን ያ መላላት ይጠፋል። በትክክል የተስተካከለ ጎማ አንድ ጊዜ ተገፍቶ ሲለቀቅ ረጅም ጊዜ ይዞራል፤ ለመቆም ሲቃረብም ቀስ ብሎ ወደ ኋላና ወደ ፊት ይወዛወዝና የነፋሱ ቫልቭ ካለበት ወይም ከባድ ከሆነው ጎን ዝቅ ብሎ ያርፋል።

ማርሽና ፍሬን

የካቴና መርገብ በማስመሪያ ይታወቃል። በአዲስ ካቴና ላይ 24 ቁልፎች በትክክል 304.8 ሚሊ ሜትር ይሆናሉ። 306.3 ከደረሰ ይለወጥ። ወደ 308 ከዘለቀ የኋላውንም ጥርስ በልቶታልና አብሮ መለወጥ አለበት፤ አዲስ ካቴና በተበላ ጥርስ ላይ ሲረገጥ ያመልጣል።

በ1984 እ.ኤ.አ. የጃፓኑ ሺማኖ እያንዳንዱን ማርሽ በቀጭታ የሚያስቀምጥ መቀየሪያ ለውድድር ብስክሌቶች አወጣ። ከዚያ በፊት የነበረው መቀየሪያ በግጭት ብቻ የሚቆም ነው፤ አሽከርካሪው ጆሮውን አቅንቶ ካቴናው የት እንዳረፈ ራሱ ያስተካክላል። ብዙ አዳሾች ይህን አውጥተው ቀጭ የሚለውን መግጠም ይፈልጋሉ። ለእኛ ሁኔታ ይህ የተሳሳተ ምርጫ ነው ብዬ አምናለሁ። ቀጭ የሚለው መቀየሪያ ካምቢዮው (ካቴናውን ከጥርስ ወደ ጥርስ የሚገፋው የኋላ ክንድ)፣ የኋላው ጥርስና ካቴናው ሁሉ እርስ በርስ የሚስማሙ እንዲሆኑ ይጠይቃል፤ የግጭቱ መቀየሪያ ግን የተገኘውን ሁሉ ይቀበላል። ዕቃ እንደ ልብ በማይገኝበት ከተማ ይህ ትልቅ ነፃነት ነው። ካምቢዮ ከመረጡ ደግሞ በስም አይታለሉ። የጃፓኑ ሰንቱር በ1964 እ.ኤ.አ. ያወጣው ሰያፍ አሠራር ካቴናውን ከትንሹም ከትልቁም ጥርስ እኩል ርቀት ላይ ይይዘዋል፤ በዘመኑ ከነበሩ እጅግ ውድ የጣሊያን ካምቢዮዎች ይልቅ አንድ ርካሽ ሰንቱር የተሻለ ይቀይራል።

ስለ ዳገት ስሌቱ አጭር ነው። የፊቱ ጥርስ ለኋላው ይካፈላል፣ በጎማው ዙሪያ ይባዛል፤ የ622 ጎማ ዙሪያ 2.1 ሜትር ገደማ ነው። ፊት 42፣ ኋላ 28 ያለው የውድድር ብስክሌት ፔዳሉ አንዴ ሲዞር 3.15 ሜትር ይሄዳል። ፊት 28፣ ኋላ 32 ያለው የጉዞ ብስክሌት 1.84 ሜትር ብቻ ይሄዳል። ሻንጣ ጭኖ ዳገት የሚወጣ ሰው ጉልበት የሚድነው በዚህ ልዩነት ነው። የኋላውን ጥርስ ከማሳደግ በፊት ግን ካምቢዮው ይችለው እንደሆነ ይታይ፤ የውድድሮቹ አጭር ካምቢዮዎች ብዙዎቹ ከ28 በላይ አይወጡም።

ፍሬን ላይ ገንዘብ አይቆጠብም። ሽቦዎቹና የፍሬን ጎማዎቹ ሳይጠየቅ ይለወጣሉ፤ የቆየ የፍሬን ጎማ ደርቆ እንደ ድንጋይ ጠንክሯልና። በክሮም የተለበጠ የብረት ቸርኬ ዝናብ ሲነካው ፍሬን አይይዝም ማለት ይቻላል። በክረምት ባጃጅ ድንገት ፊት ለፊት በሚቆምበት መንገድ ላይ ይህ ተራ ጉዳይ አይደለም። ብስክሌቱ ላይ አንድ ለውጥ ብቻ የማድረግ አቅም ያለው ሰው ገንዘቡን የብረቱን ቸርኬ ወደ አሉሚኒየም ለመለወጥ ያውል።

ቀለም

አሁን ስለ ቀለም መነጋገር እንችላለን። የፋብሪካው ቀለም አንድ ጊዜ ብቻ የሚገኝ ነገር ነው። ቢጫጫርም ተለጣፊው፣ የግንባሩ ምልክትና በእጅ የተሳሉ ቀጫጭን መስመሮች የብስክሌቱ ማስረጃ ናቸው። ሳሙናና ውሃ፣ ከዚያ የመኪና መወልወያ፣ ዝገት በታየባቸው ቦታዎች ትንሽ ተመሳሳይ ቀለም፤ ብዙ ጊዜ ይህ ይበቃል። የዛገ ክሮም የተጨማደደ የአሉሚኒየም ወረቀት ውሃ ነክሮ ሲታሽ ይጠራል። ትንንሽ የብረት ዕቃዎች አቼቶ ውስጥ አድረው በደንብ ታጥበውና ደርቀው ዘይት ይቀባሉ፤ አሉሚኒየም ግን እዚያ ውስጥ አይገባም።

ቀለሙ በእውነት ካለቀ ይቀባ። ነገር ግን በአሸዋ ግፊት ማስፋቅ ስስ ቱቦን ሊበላ ስለሚችል በብርጭቆ ወረቀት በእጅ መፋቅ ይሻላል። ጥርስ ያለበት ቦታ ሁሉ፣ የፔዳሉ ዘንግ ቤት፣ የመሪው አንገትና ኮርቻው የሚሰካበት ቱቦ ውስጥ በፕላስተር ይሸፈን። የቱቦዎቹ ውስጥ ቀለም አያገኘውምና ከመገጠሙ በፊት ዘይት ተረጭቶበት ፍሬሙ በየአቅጣጫው ይገላበጥ።

ከገጠሙ በኋላ የመጀመሪያው ጉዞ አጭር ይሁን፤ ባጃጅ ሳይበዛ በማለዳ፣ ቁልፎቹ በኪስ ተይዘው። አዲስ የገባ ሽብልቅና የፔዳል ክንድ ቡሎን ጫና ሲያገኝ ወደ ቦታው ጠልቆ ይላላል፤ ሳይጠበቅ ከተነዳበት የክንዱን ቀዳዳ ያሰፋዋል። የቸርኬው ሽቦዎችም ከመጀመሪያው ጉዞ በኋላ ይረግባሉ። ጥንድ ጥንዱን በጣት ጨብጦ የላላውን ማጥበቅ፣ ጎማው በፍሬኑ ጎማዎች መካከል ሲዞር የሚጠጋበትን ጎን ማየት፣ ተስቦ የላላውን የፍሬን ሽቦ ዳግም ማጥበቅ ያስፈልጋል። ይህ ፍተሻ ከሁለተኛውና ከሦስተኛው ጉዞ በኋላም ይደገማል። የሻሸመኔውን 25 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ ማሰብ የሚቻለው ከዚያ ወዲያ ነው።